ጌም ትዳር ያፈርሳል ወይ?

በዚህ ሴሚስተር የቤተሰብ ሕግ ስንማር ክፍላችንን ለሁለት የከፈለ አንድ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። «ጌምና የመሳሰሉት የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያዎች ለትዳር መፍረስ ምክንያት ይሆናሉ ወይ?» የሚል። ከወንዶቹ አብዛኞቹ «ኧረ ባካችሁ! ሰው በጨዋታ ይፋታል እንዴ?» ሲሉ ሴቶቹ ደግሞ «ጆይስቲክ ስትይዙ የት እንደምትገቡ ስለማታውቁት ነው» ብለው መለሱ። ሰዓቱ አልቆ ከክፍል ወጣን እንጂ ክርክሩ አላለቀም። ወደ ላውንጅ፣ ከላውንጅም ወደ ዶርም ተከትሎን መጣ። ያን ዕለት እጄን አላወጣሁም። ዛሬ ግን ይህች ቡለቲን ቦታ ከሰጠችኝ ዘንድ የሚሰማኝን ልጻፍ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጌም ብቻውን ትዳር ያፈርሳል ብዬ አላምንም። «ጨዋታ ነው፣ ምን ችግር አለው?» የሚለውንም አልቀበልም። በእኔ አመለካከት ትዳርን የሚጎዳው የአንዱ የዕረፍት ሰዓት በሌላው ድካም ሲገዛ፣ ያም ሰዓት ሳይነጋገሩበት ሲወሰድ ነው። ጌም ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰዓት ለመውሰድ እጅግ የተመቸ ነገር ነው። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ በክርክራችን ላይ ብዙ ሰው ካሳመነው ቁጥር ልነሳ።

አንዱ ጓደኛችን ከስልኩ ያነበበልን ቁጥር ይህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ዳይቮርስ ኦንላይን የተባለ የእንግሊዝ የፍቺ አገልግሎት ድርጅት ከዚያ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ከተመለከታቸው 4,665 የፍቺ ማመልከቻዎች ውስጥ በ200ዎቹ ላይ ፎርትናይት የተባለው ጌም ተጠቅሷል አለ። ፎርትናይትን ለማታውቁት፣ መቶ ተጫዋቾች አንድ ደሴት ላይ ወርደው የመጨረሻው አሸናፊ እስኪቀር ድረስ የሚፋለሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። ሲሰላ ከመቶ ማመልከቻ አራት ያህሉ ላይ የጌሙ ስም አለ ማለት ነው። ወሬው በብዙ አገር ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ «ፎርትናይት ትዳር እያፈረሰ ነው» ተባለ። ክፍላችን ውስጥም «ይኸው ማስረጃ!» ተብሎ ተጨበጨበ።

እስቲ የሕግ ተማሪዎች ስለሆንን ማስረጃውን እንመርምረው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝና ዌልስ ይሠራበት የነበረው የ1973ቱ ሕግ «ትዳራችን አልሆነም» ማለትን ብቻውን አይቀበልም ነበር። አመልካቹ ከአምስት ነገሮች አንዱን ማስረዳት ነበረበት። እነሱም ዝሙት፣ አብሮ ለመኖር የማያስችል ጠባይ፣ ለሁለት ዓመት ጥሎ መሄድ፣ ሁለቱ በፍቺው ከተስማሙ ለሁለት ዓመት ተለያይቶ መኖር፣ ካልተስማሙ ደግሞ ለአምስት ዓመት ተለያይቶ መኖር ነበሩ። ዓመታት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይፈልግ ሰው ምን ያደርጋል? ወይ ዝሙትን ወይ መጥፎ ጠባይን ይመርጣል። ጠባይን የመረጠ ደግሞ የትዳር ጓደኛውን ጥፋት አንድ በአንድ መዘርዘር አለበት። ዝርዝሩ ቀለል ካለም ሊሸነፍ ይችላል። እዚያው በ2018፣ በሐምሌ ወር፣ የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦውንስ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ይህንኑ ያሳያል። ሚስት 27 ምሳሌዎችን ዘርዝራ ብታቀርብም በቂ አይደለም ተብሎ ፍቺ ተከለከለች።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ሕግ ሥር ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ያለውን ሁሉ ይጽፋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ማደሩን፣ ልደቴን መርሳቱን፣ እናቴን መሳደቡን፣ ምንም አይቀርም። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግረን ሰዎች ቅጽ ሲሞሉ ምን እንደጻፉ ነው። ያ ትዳር በምን እንደፈረሰ አይነግረንም። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝና ዌልስ ጥፋት መዘርዘር ቀርቶ «ትዳራችን ላይጠገን ተበላሽቷል» የሚል መግለጫ ብቻ በቂ ሆኗል። ቅጹ ሲቀየር ጌሙ ከማመልከቻው ወጣ፤ ፍቺው ግን አለ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የፍቺ ምክንያቶችን «ከባድ» እና «ሌሎች» ብሎ ይከፍል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ክፍፍል አስቀርቶታል። ተስማምተው የሚፋቱ ባልና ሚስት ምክንያታቸውን ለፍርድ ቤት እንዲናገሩ አይገደዱም። በዚህ የተነሳ የፍርድ ቤት መዝገብ ብናገላብጥ ስንት ትዳር በፕሌይስቴሽን፣ ስንቱ በጫት፣ ስንቱ በአማት እንደፈረሰ አናገኝም። «በኢትዮጵያ ጌም ይህን ያህል ትዳር በትኗል» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ «ከየት አመጣኸው?» በሉት።

ምክንያት የሚነገረው ሽማግሌ ፊት ነው። ሕጉም ለዚህ በር ከፍቷል። ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን ያነጋግራል፣ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታዩ ሊመራቸው ይችላል፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። አጎቴ በሰፈሩ ለሽምግልና ከሚጠሩት አንዱ ስለሆነ ስለዚህ ጉዳይ ጠየቅሁት። የሰዎቹን ማንነት ሳይነግረኝ አንድ ታሪክ አጫወተኝ።

ባልና ሚስቱ ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏቸው። ባልየው ማታ ከሥራ ገብቶ ራቱን እንደበላ ፕሌይስቴሽኑ ፊት ይቀመጣል። ሚስትየዋ ልጆቹን ታጥባለች፣ ታስተኛለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ የነገውን ምሳ ዕቃ ታሰናዳለች። ስትጠራው «አንዴ፣ ይቺን ልጨርስ» ይላል። ነገሩ ከሮ ሽማግሌ ተጠራ። ሽማግሌዎቹም ግራና ቀኙን ሰምተው «እንግዲያውስ ጌሙ ይሸጥ» ብለው ፈረዱ። ተሸጠ። ተመራርቀው፣ ቡና ጠጥተው ተለያዩ። ሁለት ወር ሳይሞላ እንደገና ተጠሩ። ባልየው አሁን ማታ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ኳስ እያየ፣ ኳስ በሌለ ቀን ደግሞ ፑል ቤት እያመሸ መግባት ጀምሮ ነበር። ሚስትየዋ «ያኔ እንኳን ቤት ውስጥ ነበር» አለችን ይላል አጎቴ። ልጆቹን የሚያስተኛው ሰው ግን አልተቀየረም፤ ያው እሷው ናት።

አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህን ነው። ሽማግሌዎቹ ሰውየውን «አባቴ፣ የቤቱን ሥራ ለምን ለሷ ብቻ ጣልክባት?» ብሎ መጠየቅ ከበዳቸውና ዕቃውን ቀጡ። ዕቃ መቅጣት ቀላል ነው፤ አይቆጣም፣ አይመልስም። ድሮም ቢሆን ተረኛ ተወቃሽ ጠፍቶ አያውቅም። በአባቶቻችን ዘመን ጠላ ቤቱና ጠጅ ቤቱ፣ ካርታው፣ ዳማው ነበር። ቀጥሎ ቪዲዮ ቤት መጣ፣ ድራፍት ቤት መጣ። አሁን ተራው የጌም ነው።

ይህን ስል ግን ጌም ከዳማ ምንም ልዩነት የለውም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ልዩነቱን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ዳማ የሚጫወት ሰው ሲጠሩት ጠጠሩን ትቶ ሊነሳ ይችላል። ፕሌይስቴሽን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኳስ የሚጫወቱም ቢሆኑ ጨዋታውን አቁመው ሊመለሱ ይችላሉ። በኢንተርኔት የሚደረገው ጨዋታ ግን አይቆምም። ፎርትናይትም ሆነ ብዙዎቻችን በስልክ የምናውቀው ፐብጂ ሞባይል አንዴ ከተጀመረ እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት፤ በዚያ በኩል ያሉት ሰዎች አይጠብቁም። ቡድን ከሆነ ደግሞ መነሳት ጓደኛን መክዳት ይመስላል። ስለዚህ «አንድ ደቂቃ» የሚለው ባል ሁልጊዜ እየዋሸ አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ የሃያና የሠላሳ ደቂቃ ዕዳ አስገብቶታል። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ለመጀመር የሚጫነው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ሚስት በበኩሏ የምታየው ሕፃን እያለቀሰ ጀርባውን የሰጣትን ሰው ነው። አንዱ ስለ ጨዋታው ሕግ ያስባል፣ ሌላዋ «ከኔ ይልቅ እነዚያን የማያውቃቸውን ሰዎች አከበረ» ትላለች። ጠቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ሐሳብ የሚደግፍ ጥናት አለ። በአሜሪካ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢንተርኔት ብዙ ሰው የሚሳተፍባቸውን ጌሞች አንዳቸው ወይም ሁለቱም የሚጫወቱ 349 ጥንዶችን ጠይቀዋል። ከተጫዋቾቹ የትዳር ጓደኞች 75 ከመቶዎቹ ተጫዋቹ ለትዳሩ ከዚያ የበለጠ ቢለፋ እንደሚመኙ ተናገሩ። በአንጻሩ ባልና ሚስት ሁለቱም በሚጫወቱባቸው ቤቶች 76 ከመቶ የሚሆኑት ጌሙ ለግንኙነታቸው ጠቅሞናል አሉ። ለመሆኑ ዋናው ችግር ምን ሆኖ ተገኘ? ተመራማሪዎቹ እንዳሉት የሰዓቱ ብዛት ብቻውን አልነበረም። በጌሙ ምክንያት መጨቃጨቅና የመኝታ ሰዓት መዘበራረቅ ነበር ትዳሩን የጎዳው። አንዱ ተኝቶ ሌላው ቁጭ ብሎ ያድራል፤ በቀን ያልተወራው በመኝታ ሰዓትም ሳይወራ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ መምህራችን ሁልጊዜ የሚያነሱልንን ማስጠንቀቂያ ላስታውስ፦ ሁለት ነገሮች አብረው ስለታዩ ብቻ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይቻልም። ሌሊት የሚጫወተው ሰው ትዳሩን በጌም አበላሸው ወይስ የተበላሸ ትዳሩን ሸሽቶ ጌም ውስጥ ተደበቀ? ሁለቱም ይሆናል። ከሚስቱ ጋር መነጋገር ያስጨነቀው ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ ከቤት መውጣት ሲፈልግ ከጌም የተሻለ በር አያገኝም። የገባበት በር ደግሞ ጭንቀቱን ያባብሰዋል።

ተቃራኒውን ሐሳብም በሐቅ ልመልከት። ለአንዳንድ ሰው ጌሙ ራሱ ሕመም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ይህን ችግር አካቶታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው የሕይወት ጉዳይና ከዕለት ሥራ ማስቀደም፣ ጉዳት እየደረሰም መቀጠል ወይም ጭራሽ መጨመር። ይህም ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት የታየና የሰውየውን የቤተሰብ፣ የትምህርት ወይም የሥራ ሕይወት በእጅጉ የጎዳ መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን ሰው «ጌሙን ሽጥ» ብሎ መመረቅም፣ «ሰነፍ» ብሎ መስደብም አይረዳውም፤ ሕክምና ያስፈልገዋል። ነገር ግን ማታ ማታ ሁለት ሰዓት የሚጫወተውን ሁሉ በሽተኛ ማለት ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። እንዲያውም ለአንዳንዱ ጥሩ ማምለጫ ይሆንለታል፤ «አሞኝ ነው» ካለ ማን ዕቃ እጠብ ይለዋል?

ከዚህ ሌላ ሳይለይ የሚቀር ነገር የስፖርት ውርርድ ነው። ብዙ ጊዜ ጌምና ውርርድ ባንድ አፍ ይወቀሳሉ፤ መለየት አለባቸው። ጌም የሚወስደው በአመዛኙ ጊዜን ነው። ውርርድ ገንዘብ ይወስዳል። በቤተሰብ ሕጋችን መሠረት ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ ሠርተው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው። ስለዚህ ባልየው ቲኬት የሚቆርጠው በራሱ ብር ብቻ አይደለም፤ ግማሹ የሷ ነው። «ትርፍ ጊዜዬን ነው ያጠፋሁት» የሚለው መከላከያ እዚህ ጋ አይሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። «ትርፍ ጊዜ» የምንለው የማን ትርፍ ነው? የያኔው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት በአገራችን ሴቶች ክፍያ በሌለው የቤት ውስጥ ሥራና እንክብካቤ ላይ ከወንዶች የበለጠ ሰዓት እንደሚያሳልፉ አሳይቷል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም የሚል ካለ በዓል ሲደርስ ማን ሽንኩርት እንደሚልጥ፣ ማን ሶፋ ላይ እንደሚቀመጥ ይመልከት። ባል ሥራ ጨርሶ የሚያርፈው ሚስት ሁለተኛውን ሥራዋን ስለጀመረች ነው። ያ የሁለት ሰዓት ጌም በሷ ጉልበት የተገዛ ነው።

ሴቷ ስታርፍስ? ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ተከታታይ ፊልሞችን በአማርኛ እየመለሰ ማሳየት ሲጀምር የተባለውን እናስታውስ። «ሚስቶች ወጥ አሳረሩ፣ ልጅ ረሱ፣ ትዳር ሊፈርስ ነው» ተብሎ ስንት ተቀለደ፣ ስንት ተማረሩ! የአርባ ደቂቃ ፊልም ያየች ሴት ቤት አፍራሽ ስትባል፣ ዘጠና ደቂቃ ኳስ አይቶ፣ ከዚያ ስለ ኳሱ ሁለት ሰዓት ያወራው ወንድ «ትንሽ ተዝናና» ይባላል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። እኔ ቃናን ለመከላከል ወይም ኳስን ለመክሰስ አልተነሳሁም። ሁለቱንም በአንድ ሚዛን እንመዝን ነው የምለው።

ሕጋችን ሚዛኑን ሰጥቶናል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 49 ባልና ሚስት መከባበር፣ መደጋገፍና መረዳዳት እንዳለባቸው ይናገራል። አንቀጽ 50 ደግሞ በቤተሰቡ አመራር እኩል መብት እንዳላቸውና የቤተሰቡን ጥቅም ለመጠበቅ፣ ልጆችንም ለማሳደግ መተባበር እንዳለባቸው ያስቀምጣል። ፈተና ላይ እንጽፈዋለን እንጂ «መረዳዳት» ማለት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል አስበን አናውቅም። እኔ ሳስበው፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ጆይስቲኩን አስቀምጦ መነሳት ነው። እሷም ደክሟት ስትገባ «ዛሬ የኔ ተራ ነው፣ ደስ የሚልሽን ተመልከቺ» ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ነገ ከመካከላችን ጠበቃ የሚሆን፣ ዓቃቤ ሕግ የሚሆን፣ በቤተሰብ ችሎት ወንበር ላይ የሚቀመጥ አለ። ያንን የማሰላሰያ ጊዜ የሚሰጠው፣ ተጋቢዎቹን አስቀምጦ የሚያነጋግረው እሱ ነው። ሽማግሌ ሆኖ የሚጠራም አይጠፋም። «ጌም ነው የለያየን» የሚል ጉዳይ ሲመጣለት ዕቃውን ከመክሰሱ በፊት አራት ነገሮችን ቢጠይቅ እላለሁ። በዚያ ሰዓት የቤቱን ሥራ ማን ይሠራ ነበር? ስለ ሰዓቱና ስለ ገንዘቡ አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? ስትጠራ ትነሳለህ ወይስ መነሳት አቅቶሃል? የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ እሷስ የምታርፈው መቼ ነው? የመጀመሪያውና የመጨረሻው መልስ ከታወቀ የጌሙ ጉዳይ ራሱ ይቀላል። ሦስተኛው «አቅቶኛል» የሚል መልስ ካገኘ ደግሞ ሰውየውን ወደ ሐኪም መምራት ነው።

ገና ያላገባን እኛስ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ስለ ሠርግ አዳራሽ፣ ስለ ቬሎና ስለ ሚዜ ብዛት ወራት የሚነጋገሩ እጮኛሞች ስለ ማታ ሰዓታቸው አንድ ቀን አይነጋገሩም። «ስንት ቀን ትጫወታለህ? ስንት ቀን ከጓደኞችሽ ጋር ትወጫለሽ? ልጅ ከተወለደ ማን ይነሳል?» ብሎ መጠየቅ ፍቅርን አያቀዘቅዝም። ከተቻለ ደግሞ አብሮ መጫወት ነው። ለምን አይሆንም? ሁለት ጆይስቲክ ያለው ቤት ከአንድ ጆይስቲክ ቤት የተሻለ ሰላም ሊኖረው እንደሚችል ያ ጥናት ነግሮናል። ግን ከጨዋታው በፊት ዕቃው አብሮ ይታጠብ።

ዶርማችን ውስጥ ይህን ረቂቅ ያነበቡ ልጆች «ለሴቶቹ አደላህ» ብለውኛል። ይሁን፣ ይባል። እኔም ኳስ ጌም የምወድ ሰው ነኝ፤ ማቆምም አላሰብኩም። በሐሳቤ የማትስማሙ ካላችሁ ላውንጅ ውስጥ ከምትሞግቱኝ ይልቅ ለሚቀጥለው እትም ብትጽፉ እመርጣለሁ፤ አንብቤ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን!